ያልተሳመው በሽተኛ

ሸጌ የታመመ ሰው ሳትጠይቅ የዋለችበት ቀን ካለ፣ ወይ እሷ ራሷ ተኝታለች፣ ወይ አገሩ ሁሉ ድኗል ማለት ነው። ሁለተኛው በላስታ ምድር ሆኖ አያውቅም፤ የመጀመሪያውን ደግሞ እሷ አትቀበለውም። «እኔን ብርድ ይመታኛል እንጂ በሽታ አይደፍረኝም» ትላለች፣ እያሳለች።

ባሏ አረጋ ከሞተ ወዲህ ጥጥ እየፈተለች የምታድር፣ ከላሊበላ ገበያ በላይ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር የምትኖር ሴት ናት። ፈትሏ ቀጭን ስለሆነ ሸማኔዎች ይሻሙበታል። አገሩ የሚያውቃት ግን በጥየቃዋ ነው። እገሌ ተኛ ሲባል ከሰማች እንዝርቷን ትጥልና የገብስ አጥሚቷን በቅል ሞልታ ትነሳለች። በሽተኛው ዘመድ ይሁን ባዳ፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም አታጣራም። ገብታ «እግዜር ይማርህ» ትላለች፤ ቀኝ ጉንጩን፣ ግራ ጉንጩን፣ ደግሞ ቀኙን ትስማለች፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። የሚፈራው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሽተኛው አልጠጣም ካለ አጥሚቱን በኩባያ ቀድታ ራሷ ፉት ትልለታለች። «ይኸው ጠጣሁት፤ ታዲያ ሞትኩ?» ብላ ያንኑ ኩባያ አፉ ላይ ትደቅንበታለች። እምቢ ብሎ ያሸነፋት የለም። ሰው ቶሎ የሚድነው ከሸጌ አጥሚት ለመገላገል ብሎ ነው የሚሉ ነገረኞችም ነበሩ።

ከተማው ውስጥ ጤና ጣቢያ ሲከፈት ከሁሉ በላይ የጠቀመው ሸጌን ነው። ቀድሞ ስምንት በሽተኛ ለመጠየቅ ስምንት ዳገት መውጣት ነበረባት፤ አሁን ስምንቱንም በአንድ ክፍል ደርድረው አስተኙላት። በሩ ላይ «ለአንድ በሽተኛ ከሁለት ጠያቂ በላይ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሸጌ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራለችና አንድ በአንድ እየለቀመች አነበበችው። «ለስምንት በሽተኛ አሥራ ስድስት ጠያቂ ይገባል ማለት ነው። እኔ አንድ ነኝ» ብላ ገባች። የጤና ረዳቱ ምስጋኑ፣ ከደሴ በኩል የመጣ ለጋ ወጣት፣ ሒሳቡን በጣቱ ሲቆጥር እሷ የመጀመሪያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ጋውን ስለሚለብስ አገሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ ሸጌ ግን ልጄ ትለዋለች።

በ1974 ዓ.ም. የገና ምእመን እንደ ልማዱ መጥቶ እንደ ልማዱ ሄደ፤ ሳሉን ግን ትቶት ሄደ። ሸጌ ቤት ሰባት እንግዳ አድሮ ነበርና የድርሻዋን አልተነፈገችም። ፌጦ በሎሚ ጠጣች፣ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች፣ ቅሏን አንስታ ወደ ጥየቃዋ ሄደች። ነጠላውን ስትስም ገለጥ ታደርገዋለች፤ ተሸፍኖ መሳም ነውር ነዋ።

በዚያ ሰሞን ሸጌ ራሷ የምትጠብቀው ነገር ነበር። አንድ ልጇ አስቻለች የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር። ከዚህ በፊት ሁለት ወልዳለች፤ ሁለቱንም እቤቷ፣ በእናቷ እጅ። ሁለቱም ክርስትና ሳይደርሱ በሳል ሞቱ። ሦስተኛውን ጤና ጣቢያ ትወልዳለች ብላ የማለችው ሸጌ ናት፤ አንዳንድ ቀን ለጥየቃ ስትሄድ «ይህን አልጋ ለልጄ እንዳታስይዝብኝ» እያለች ምስጋኑን ታስጠነቅቀው ነበር።

ምስጋኑ ግን በዚያው ሳምንት ሌላ ጣጣ ገጠመው። እግሩን መጥረቢያ ያገኘው ገበሬ ቁስሉ እየዳነ ሳለ ትኩሳት ያዘው። ሸዕባን የተባለ የጋሸና የጭነት መኪና ሾፌር፣ የራዲያተር ፍል ውኃ እጁን ልጦት የገባ፣ እጁ ሲሻለው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አደረ። በሆዳቸው ሕመም የተኙት ሽማግሌ ቄስማ ነፍሳቸው ጉሮሯቸው ድረስ መጥታ ተመለሰች። አንዱ ሲነሳ ሌላው ሲወድቅ፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው አልጋ በተራ ተዳረሰ። ምስጋኑ የመጠጥ ውኃውን አፈላ፣ ብርድ ልብሱን አሳጠበ፣ መጸዳጃውን አስፈተሸ። ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ሰነበተ።

አንድ ጠዋት ትኩሳት ሲለካ መጨረሻው አልጋ ጋ ደረሰ። እዚያ የተኛው ደባሱ ነው፤ ከዝግባ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ፣ ከሰው ይልቅ ከመስኮት ጋር የሚስማማ ሽማግሌ። መስኮቱን በከፈተ ቁጥር ሌሎቹ «ነፋስ አስገባህብን፣ ልትጨርሰን ነው!» ብለው ይጮኹበታል፤ እሱ እቴ! ምስጋኑ ሙቀት መለኪያውን አየው፣ አራገፈው፣ እንደገና አየው። ደባሱ ደህና ነበር።

«አያ ደባሱ፣ እርስዎ እንዴት ተረፉ?»

«ማን ስሞኝ ልታመም!» አለ ደባሱ እየተነጫነጨ። «ያች ሴትዮ ሰባተኛው አልጋ ስትደርስ ትመለሳለች።»

ሸጌና ደባሱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ጎረቤቷ ሆኖ ሳለ አረጋ ሲታመም አልጠየቀውም። ሰው ሰረቀኝ፣ ሰደበኝ ብሎ ይጣላል፤ ሸጌ የምታውቀው ትልቁ ወንጀል ግን ይህ ነው። ደባሱም አንድ ቃል አስተባብሎ አያውቅም።

ከሰዓት ሸጌ ቅሏን ይዛ ብቅ ስትል ምስጋኑ በሩ ላይ ጠበቃት።

«እትዬ ሸጌ፣ ትናንት እነማንን ጠየቁ?»

«ሁሉንም ነዋ!» አለች በኩራት። «መጀመሪያ ገበሬውን፣ ቀጥዬ ሸዕባንን፣ ቀጥዬ ቄሱን...»

«አያ ደባሱንስ?»

«ያን ሰውዬ? ዞሬም አላየው!»

«እንግዲያው ከስምንቱ ያልታመሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«ክፉ ሰው መቼ ታሞ ያውቃል!»

ምስጋኑ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ያስረዳት ጀመር። በሽታው ከአንዱ ትንፋሽ ወደ ሌላው እንደሚሄድ፣ በሳል፣ በመሳሳም፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት እንደሚተላለፍ፣ ቫይረስ እንደሚባል፣ በዓይን እንደማይታይ ነገራት።

«በዓይን ካልታየ አንተ በምን አየኸው?»

«በአያ ደባሱ።»

ሸጌ ፊቷ ቀላ። «እኔ ነኝ በሽታው በለኛ!»

«እርስዎማ አይደሉም። እርስዎ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው።»

ከሁለተኛው አልጋ ሸዕባን አንገቱን አሰገገ። «ወላሂ እማዬ ሸጌ፣ ከኔ ፊያት ይበልጥ ጭነዋል!» አለ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት።

ሸጌ ቅሏን አንስታ ጥቂት ሄደችና ተመለሰች። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ልጄ፣ እነዚያ የአስቻለች ሁለቱስ? ሲወለዱ ያን ጊዜም ብርድ መትቶኝ ነበር። በትንፋሼ አሞቃቸው ነበር።»

ምስጋኑ ቢዋሽ ይቀለው ነበር። «አላውቅም እትዬ» አለ። «ሕፃን በብዙ ነገር ይሞታል። በዚህ ነው ልልዎ አልችልም፣ አይደለም ልልዎም አልችልም።»

ሸጌ እቤቷ ገብታ አለቀሰች። ሦስት ቀን እንዝርት አልነካችም። ሰው ሁሉ የሸጌ አጥሚት ናፈቀኝ ቢል እንኳ አትወጣም ነበር፤ ማንም አላለም እንጂ። በአራተኛው ቀን ሳሉ ሲለቃት ምስጋኑን ከሩቅ ጠርታ እስከ መቼ ከሰው ርቃ እንደምትቆይ ጠየቀችው። «ለጥንቃቄ ከዛሬ ጀምሮ አሥር ቀን» አላት። ከፈትሏ ክር በጥሳ አሥር ቋጠሮ ቋጠረችበት፤ በየማለዳው አንዱን ልትፈታ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

አስቻለች በማግስቱ ምጥ ያዛት። ምስጋኑ የመድኃኒት ማከማቻውን ክፍል ባዶ አድርጎ ለብቻዋ አልጋ ዘረጋላት፤ አፉንና አፍንጫውን በሻሽ አስሮ አዋለዳት። አገሩ «ዶክተሩ በውድማ እንዳለ በሬ አፉን ታሰረ» ብሎ ሳቀበት። የተወለደው ወንድ ነው፤ ትንሽ፣ ግን ጯሂ። ምስጋኑ ትንሽነቱን አይቶ ሳል የያዘው ሰው በዚያ በር እንዳያልፍ አለ። የአስቻለች ባል፣ ቢሆነኝ የሚባለው፣ ያስላል፤ የአማቱን አጥሚት ጠጥቷላ። የጽዳት ሠራተኛዋ ታስላለች። ዘበኛውም ያስላል። ምግብ የሚያቀብል ጤነኛ ሰው ሲፈለግ በግቢው አንድ ብቻ ተገኘ፤ ሳሉን ሸሽቶ አልጋውን በረንዳ ላይ ያስወጣው፣ በአንድ እግሩና በምርኩዙ የሚሄደው ደባሱ።

«ወንድ ሆኜ አራስ ቤት ልገባ?» ብሎ ተቆጣ።

«አይገቡም፤ በሩ ላይ አስቀምጠው ፊትዎን ማዞር ነው» አለው ምስጋኑ።

የተደረገው እንዲህ ነው። ሸጌ በየማለዳው ገንፎውን በቅቤ አርሳ ከግቢው መግቢያ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ደባሱ በምርኩዙ እየተንገዳገደ መጥቶ ያነሳል፤ በሩ ላይ አስቀምጦ ያንኳኳል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። አስቻለች ስትወስድ ይመለሳል። ሁለት ቀን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ሸጌ ወደ ሰማይ እያየች «ጨው አንሶት እንደሆን ይጠይቅልኝ» አለች። ደባሱም ወደ ምድር እያየ «ልክ ነው ብላለች» አለ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ንግግራቸው ይህ ነበር።

ከዚያማ መንገዱ ተከፈተ። ደባሱ በየቀኑ ወሬ ያመጣል። «ጡት ይዟል።» «ሌሊት ሲጮህ አደረ፣ እኔንም አላስተኛኝ።» አንድ ጠዋት «አነጠሰ» ሲላት ሸጌ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ፀሐይ ዓይኑ ላይ ዐርፎበት ነው ብሏል ዶክተሩ፤ ምነው ሴትዮ!» አለ ደባሱ ደንግጦ። ያን ዕለት ከሷ ይልቅ እሱ ነበር ያላበው።

በሰባተኛው ቀን ሸጌ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ገንፎውን አስቀምጣ ወደ ኋላ ካለች በኋላ እንባዋ መጣ።

«ገበያ ላይ ሴቶቹ ምን እንዳሉ ሰማህ? ‹ሸጌ ከልጇ ጋር ተጣልታለች፣ አራሷን ሳታይ ከደጅ ነው የምትመለሰው› ይሉኛል። ጨካኝ አሉኝ፣ እኔን! እየወደዱ ከደጅ ቆሞ መቅረት ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ደባሱ ገንፎውን ሊያነሳ ያጎነበሰውን ቀና አለ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ።

ሸጌ አየችው።

«አረጋ ሲታመም እኔም ሳል ይዞኝ ነበር። እናቴ በኅዳር በሽታ አራት እህቶቿን የቀበረች ሰው ናት። ‹ሳል ይዞህ የበሽተኛ ደጅ እንዳትረግጥ› ብላ አስምላኛለች። በየማለዳው ከአጥራችሁ ውጭ ቆሜ ‹አረጋ፣ እንዴት አደርክ?› እል ነበር። ሲለቀኝ እገባለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ አልጠበቀኝም።»

ሸጌ አንድ ነገር ትዝ አላት። ያን ሰሞን ማለዳ ማለዳ ከአጥሩ በስተጀርባ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነበር። የጎረቤት ፍየል መስሏት ነበር።

«ድንጋይ ወርውሬ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አግኝቶኛል» አለ ደባሱ።

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «ምነው ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳትነግረኝ?»

«መቼ ቆመሽ ሰማሽኝ? እስከ ዛሬ አሥር እርምጃ ርቀሽ ቆመሽልኝ አታውቂም፤ አይተሽኝ መንገድ ስትቀይሪ ነው የኖርሽው።»

የተጣላ ሰው ሲታረቅ ይሳሳማል፤ አባቶች ያቆዩት ወግ ነው፤ ሸጌ ደግሞ ወግ አታጎድልም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ፈጠን ብላ ወደ እሱ ተራመደች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ግን እግሯ ቀጥ አለ። ደባሱ ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ ነበር። ያ እጅ አሁን ገንፎውን ይዞ የልጅ ልጇ በር ድረስ የሚሄድ ነው። መቀነቷን ፈታ ክሩን አወጣች። ሦስት ቋጠሮ ቀርቷል።

«እዚያው ሁን!» አለችው ወደ ኋላ እየተመለሰች። «ሦስት ቀን ቀርቶኛል።»

«ዘጠኝ ዓመት የቆመ ሰው ሦስት ቀን አይከብደውም» አለ ደባሱ እጁን እየሰበሰበ።

ከማከማቻው ክፍል ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ደባሱ ገንፎውን አንስቶ ምርኩዙን እያንኳኳ ሄደ።

«ሳይቀዘቅዝ፣ አያ ደባሱ!» ብላ ከኋላው ጮኸችበት።

ሸጌ ግን ሕፃኑ ዝም እስኪል ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ ቆማ ቀረች። በዕድሜዋ ከጠየቀችው ሰው ሁሉ እንደዚህ ርቃ የጠየቀችው አልነበረም፤ እንደዚህ የወደደችውም አልነበረም።