ዐቃቤ ሕግ ለመሆን ስንት ጊዜ እምቢ ይባላል?

ትናንት ከሰዓት ሪንከቢ ስብሰባ ላይ ያየሁትን ካልነገርኳችሁ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም...

የስቶክሆልሙ ማኅበራችን ዐቃቤ ሕግ እንዳለው ታውቃላችሁ? ለቅሶ ቤት ያልደረሰውን፣ ስብሰባ ላይ የተሳደበውን፣ የአዳራሽ ቁልፍ ይዞ የጠፋውን ከሶ ሽማግሌዎች ፊት የሚያቆም ሰው ማለት ነው። ዘንድሮ ቦታው ክፍት ስለሆነ ከሦስቱ ሰፈሮች፣ ከብሬዴንግ፣ ከፋርስታና ከሪንከቢ አንድ አንድ እጩ ይቀርባል። የትናንቱ የሪንከቢ ማጣሪያ ነበር።

ሰፈራችን ለሁለት ተከፍሎ ነው የሰነበተው። በአንድ በኩል ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ የሆስፒታል አስተርጓሚ፣ በሁለት ቋንቋ የሚረቱ ሴት። በሌላ በኩል ጎረቤቴ ጋሼ ይልማ። ጋሼ አዲስ አበባ እያሉ የእውነት ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። እዚህ ግን ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ነዱ። «ከመሞቴ በፊት አንዴ እንኳ በሙያዬ ብጠራ» ይሉኛል ሁሌ። ሲሉት ይስቃሉ፣ እኔ ግን አልስቅም።

ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ያዙኝ።

«ስሚ ልጄ፣ አንቺ ትጠቁሚኛለሽ። እኔ እምቢ እላለሁ። ትለምኚኛለሽ። አሁንም እምቢ እላለሁ። ሦስተኛው ላይ፣ እንግዲህ ሕዝብ ካለ ምን አደርጋለሁ ብዬ እቀበላለሁ።»

«ጋሼ፣ ለምን መጀመሪያውኑ እሺ አይሉም?»

«ነውር ነው! ሹመት የጠማኝ ልምሰል?»

ጠምቷቸዋል እኮ... ግን ማን ይናገራል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰብሳቢያችን ሄኖክ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፣ ስብሰባ መምራት የተማረው ግን ከስዊድኖቹ ነው። የእንጨት መዶሻ ሁሉ ገዝቷል! ከኛ በኋላ ደግሞ ሌላ ማኅበር ስለሚገባ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

እጄን አውጥቼ «ጋሼ ይልማን እጠቁማለሁ!» አልኩ። ተጨበጨበ።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሡ። ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«ወገኖቼ፣ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እኔ አርጅቻለሁ፣ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም...»

«እሺ ጋሼ፣ ውሳኔዎን እናከብራለን» አለ ሄኖክ። ቋ! መዶሻው ወረደ።

ጋሼ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ... ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አሁንም አይጠፋኝም። እኔ «በሞቴ ጋሼ! አፈር ስሆን!» እያልኩ ብድግ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሄኖክ በትሕትና ወደኔ ዞሮ «እዚህ አገር ኔይ ማለት ኔይ ነው፣ እምቢ ያለን ሰው አናስገድድም» አለኝ።

የወይዘሮ ድንቅነሽ ደጋፊዎች ፊታቸው በራ። ወዲያው እሳቸውን ጠቆሙ። እሳቸውም ተነሡ። የጋሼን ጉድ በዓይናቸው አይተው እንኳ ልማድ አይለቅ...

«ኧረ እኔ ደግሞ ምኔ ይችላል...»

ቋ!

«እንግዲህ ሪንከቢ ዘንድሮ እጩ የላትም» አለና ሄኖክ ጃኬቱን አነሳ።

በዚህ መሃል ከኋላዬ አንድ ድምፅ አዳራሹን ሰነጠቀው።

«በሕግ አምላክ!»

ሁሉም ባለበት ደረቀ። ሄኖክ ራሱ አንድ እጁን ጃኬት ውስጥ እንዳስገባ ቆመ። ጋሼ ይልማ ናቸው። ለራስ መከራከር ነውር ነዋ... ለተፎካካሪያቸው ሊከራከሩ ተነሥተዋል! ልጅ ሆኖ ያቀፉትን ሄኖክን አንቱ ብለው ጀመሩ።

«ክቡር ሰብሳቢ! ወይዘሮ ድንቅነሽ እምቢ አላሉም። ጨዋነታቸውን ነው ያሳዩት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ቤት ገብቶ 'ብላ' ሲባል በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ካለ ይነሣ!»

የተነሣ የለም።

«እርስዎስ ክቡር ሰብሳቢ? እናትዎ ቤት እንግዳ 'በቃኝ' ሲል ሳህኑ ይነሣል?»

ሄኖክ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አይነሣም ጋሼ... እናቴ ጭራሽ ትጨምርበታለች።»

«ሌላ ጥያቄ የለኝም!» ብለው ቁጭ አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወይዘሮ ድንቅነሽም ጨዋ ናቸው፣ ብድግ ብለው «ለኔ የሠራ ለሳቸውም ይሥራ!» አሉ። ሁለቱም ወደ ውድድሩ ተመለሱ፣ እጅ ማውጣት ተጀመረ። ጋሼ ለድንቅነሽ እጃቸውን አወጡ፣ ድንቅነሽ ለጋሼ። ይሉኝታ በይሉኝታ ተጣፋ። ያም ሆኖ ያን ክርክር የሰማ ሰው ልቡ የት ይሄዳል? ጋሼ በጥቂት እጅ በለጡ።

ሄኖክ ዞረ። «ጋሼ ይልማ፣ ምርጫውን ይቀበላሉ?»

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሡ። ከረባታቸውን ነኩ። «ኧረ እኔ...»

ያዳራሹ ሰው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። የሄኖክ እጅ ወደ መዶሻው ሄደ። ጋሼ እጁን አዩ... እኔን አዩ...

«ያ! ያ! እቀበላለሁ!» ብለው ጮኹ፣ በስዊድንኛና በአማርኛ፣ በሁለት ቋንቋ!

እልልታው! ወይዘሮ ድንቅነሽ ናቸው ቀድመው የሳሟቸው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዐቃቤ ሕግ» ሲሏቸው የጋሼ ዓይን እንባ ሞላ፣ የኔም አልቀረ።

አብረን ወደ ሕንፃችን ተመለስን። የባለቤታቸው ቀይ ወጥ ሽታ ደረጃው ድረስ ወርዶ ተቀበለን። በራቸው ላይ «ግቢ ልጄ፣ ራት በልተሽ ሂጂ» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ በልቻለሁ፣ ምንም አልፈልግም» አልኩ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ።

«እሺ፣ ደህና አምሺ» ብለው በሩን ዘጉት።