የእትዬ ዘሃራን አዳራሽ ያስዘጋሁበት ዕርቅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። እሳቸው የሚጠይቁኝ ስለ ጾምና ስለ ሴት እንጂ ስለ ፊልም ንግድ አይደለም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመለስኩም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ አንተ ተቀመጥና ስማኝ። ይፍታህ እንዳትለኝ ብቻ።

እኔ የኮምቦልቻን የፊልም አዳራሽ አስዘግቻለሁ። ብዙ ሰው ጦርነቱ ነው የዘጋው ይላል። ጦርነቱ ሲመጣ ግን አዳራሹ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ጦርነት የራሱ በቂ ኃጢአት አለበት፤ የእኔን አልጨምርበትም።

አዳራሹ የእትዬ ዘሃራ ነበር። ሟች ባለቤታቸው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ወንበር ደርድረው፣ ግድግዳውን ነጭ ቀብተው ተዉላቸው። እትዬ ዘሃራ ፊልም አያዩም። በር ላይ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ፤ ከውስጥ የሚመጣውን ሳቅ እየሰሙ ፊልሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ ይፈርዳሉ። እኔ እሁድ እሁድ ከደሴ እየወረድኩ እገባ ነበር። ቤቱን የሚሞሉት የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ከሌሊት ፈረቃ የወጣው ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል፤ ጠብ ሲጀመር ብንን ይልና “ማነው የተመታው?” ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ተዋናይዋ ፍቅረኛዋን ልታምን ስትል ከኋላ “እንዳታምኚው፣ ሚስት አለችው!” ብለው ይጮኹላታል። ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። በሳምንት አንድ ቀን ከሰው ጋር የምስቀው እዚያ ነበር። ያንን ቤት ነው ያስዘጋሁት። ምን ሆኜ?

የሚሰማኝ ሰው አግኝቼ ነው። ሌላ ትልቅ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። ደሴ ፒያሳ ላይ ትልቁን ሲኒማ የያዘ ካሳሁን የሚባል ሰው ነበር። መጽሐፍ አያነብም፤ የሚያነብ ሰው ግን ይወዳል። በዚያች ከተማ እኔ ሳወራ ሰዓቱን የማያይ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ከሰዓት ሻይ ይዘን ሲያማርር ዋለ። አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ፕሮዲውሰሮቹ ለእሱም ለእትዬ ዘሃራም በአንድ ሳምንት ይሰጣሉ፤ ታዲያ የኮምቦልቻ ሰው ለምን ብሎ ደሴ ይወጣል? እኔም ያነበብኩትን ዘከዘክሁለት። በሌላው ዓለም ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ትንንሾቹን እንዴት እንዳፈኑ፣ ለፊልሙ ባለቤት “ለእነሱ ከሰጠህ የእኔን በር አታንኳኳ” ይሉት እንደነበር ተረክሁለት። ነገሩ በሕግ መከልከሉንም አውቅ ነበር። እሱን የነገርኩት መጨረሻ ላይ ነው፣ ሻዩ ካለቀ በኋላ።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ይዘህ ነው በእግርህ የምትሄደው?” አለኝ።

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ፊልም ያልኩትን አደረገ። ደሴን አጥቶ ኮምቦልቻን የሚመርጥ ፕሮዲውሰር የለም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘሃራ ፊልም የሚደርሳቸው ካሳሁን ጠግቦ ሲተወው ሆነ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፊልሙ በየሠራተኛው ስልክ ላይ ተገልብጦ አርጅቷል። ሠራተኛው ደሴ ይውጣ እንዳትለኝ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ፊልም ያየ ሰው ሲመሽ መመለሻ ሚኒባስ አያገኝም፤ ጠዋት ፈረቃ አለበት።

እስከዚህ ድረስ አፌ ነው ያጠፋው ልበል። ቀጥሎ ያለውን ግን አስቤበት ነው ያደረግሁት።

እትዬ ዘሃራ ንግድ ቢሮ ሊከሱ ተነሡ። ጠይቀው፣ አጣርተው፣ ነጋዴ ነጋዴን እንዲህ ማፈን እንደማይችል አውቀው ነው። ካሳሁን ደነገጠ። ወሎ ነንና ሰው ሊካሰስ ሲነሣ ሽማግሌ ይገባል። አንድ ሼህ፣ አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ሦስተኛው እኔ። ሁለቱም ወገን መረጡኝ፤ ካሳሁን ስለሚያውቀኝ፣ እትዬ ዘሃራ ከእሁድ ተመልካችነቴ በቀር ስለማያውቁኝ።

በሼሁ ቤት ተቀመጥን። እትዬ ዘሃራ ብዙ አልተናገሩም። “ወላሂ የሰው ገበያ አልነካሁም። እሱ በሚያገኝበት ቀን እኔም ላግኝ። ተመልካቹ ከዚያ ወዲያ እግሩ ወደመራው ይሂድ” አሉ። ሼሁ ወደ እኔ ዞረው “እህ፣ አንተ የተማርከው፣ ምን ትላለህ?” አሉኝ።

ምን አልኩ? ሐሳቡን ያቀበልኩት እኔ ነኝ አልኩ? ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነው አልኩ? ስለ ፍቅር ተናገርኩ። ጋዜጣ ላይ በየጽሑፌ “የወሎ ፍቅር” በሚሉት ወሬ ላይ ስቀልድ የኖርኩ ሰው፣ ስለ ወሎ ፍቅር ተናገርኩ። ክስ ቤት ያፈርሳል አልኩ። ካሳሁን ይቅርታ ይጠይቅ፣ ክሱ ይቅር፣ የፊልሙ ተራ ግን እንዳለ ይቆይ አልኩ። የጡረታው ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቢናገር እንዴት ያለ ቀን ይሆን ነበር! ሼሁ ዱዓ አደረጉ። ሁለቱ ተሳሳሙ።

እትዬ ዘሃራ በአላህ ፊት ይቅር ያሉትን ነገር መልሰው የሚከሱ ሰው አይደሉም። ይህን አውቅ ነበር። ዕርቅን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ፍርድ ይግባኝ አለው፤ ዱዓ ይግባኝ የለውም። ክሱ ቢቀጥልና ካሳሁን “ይህን ማን አስተማረህ?” ቢባል ስሜን ይጠራል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ይበልጥ የፈራሁት ግን የሚሰማኝን ሰው ማጣት ነበር።

አዳራሹ ዓመት ሳይሞላው የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ። ካሳሁንም ተፎካካሪ ሲያጣ ሰነፈ፤ የተሰበረ ወንበር አይጠግንም፣ ያገኘውን ፊልም ያሳያል። በመጨረሻ ሸጦ አዲስ አበባ ገባ። አይደውልም። እኔ ቤቴ ተቀምጬ በኮምፒውተር ፊልም አያለሁ፤ የሚያስቅ ነገር ሲመጣ ዞር ብዬ አያለሁ፣ ማንም የለም። ይህ ቅጣቴ ነው እንዳልል፣ እትዬ ዘሃራም እኮ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ እሳቸው ምን አድርገው?

ባለፈው እሁድ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አገኙኝ።

“ወንድሜ! አላህ ነው ያመጣህ። ጺምህ ደሞ እንዴት ሸብቷል፣ አሁንማ የምር ሽማግሌ ሆነሃል!”

ልጃቸው ሊያገባ ነው። ልጅቷ የገራዶ ናት፤ ለቤተሰቧ ሽማግሌ ሊልኩ ነው።

“ፊት የምትሆንልኝ አንተ ነህ” አሉኝ። “ያኔ ከክስ አውጥተኸኛል። አንተ የያዝከው ነገር አይበላሽም።”

“እሺ እትዬ” አልኩ።

የሚኬደው በመጪው እሁድ ነው። የልጅቷ አባት “የላካችሁ ቤት እንዴት ያለ ነው?” ብለው ይጠይቁናል፤ ደግ ቤት ነው እላለሁ፣ እውነቴን ነው። ሽማግሌው እንዴት ያለ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ከዚያ በፊት ልነግራቸው ይገባኛል። ብነግራቸው ይቅር ይሉኛል፤ ጭንቀቴም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ማን እንዳስነጠቃቸው ሳያውቁ ይቅር አስብያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ የልጃቸው ሠርግ በእጄ ላይ እያለ፣ እምቢ ማለት በማይችሉበት ቀን፣ በምን አፌ ማሩኝ እላለሁ?

“ይህን ለእኔ የጻፍከው ለእሳቸው ላለመንገር ነው” ብትለኝ አልከራከርህም። እትዬ ዘሃራ ጋዜጣ አያነቡም። ያንንም አውቄ ነው የጻፍኩት።