ሄራሞን ከእድር ያስወጣሁ ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ልናገር እየሄድኩ ሌላ ትንሽ ኃጢአት ተናዝዤ እመለሳለሁ። እንግዲህ ለእናንተ ልንገራችሁና ፍረዱብኝ።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነበርኩ። አስተማሪ ስለሆንኩ ስብሰባ መምራት ያውቃል ብለው መረጡኝ። ደንቡንም ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ከቀብር ደጋግሞ የቀረ ሰው ምክንያቱን በጉባኤ ፊት ይናገር፣ ካልተናገረ ይውጣ። ለምን በጉባኤ ፊት? ለዳኛው ጆሮ ሹክ እያለ የሚያመልጠው ስለበዛ ነዋ! ሁሉም እኩል እንዲዳኝ ብዬ ነው። እኔን ብሎ ፈራጅ!

ሄራሞ ልብስ ሰፊ ነው፤ አጥር የሚለየን ጎረቤቴ። ጴንጤ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየጓዳው ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት። ቀብር ሲኖር ደግሞ የሚሰልላቸው ሁሉ መቃብር ስለሚወርድ ሰፈሩ ጭር ይላል፤ ያን ጊዜ ይሰበሰባሉ። ይህን ሚስቱ ለሚስቴ ነግራት ነበር። አውቅ ነበር፤ እኔ አውቅ ነበር።

በስብሰባው ቀን ስሙን ጠርቼ አስነሣሁት። የቀበሌው ካድሬ ከኋላ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«አቶ ሄራሞ፣ ምክንያትዎን ይናገሩ» አልኩ።

«ምክንያትስ አለኝ፣ ዳኛ። እዚህ ግን አልናገረውም» አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ።

ምን ላድርግ? ቢናገር ይታሰራል። ዝም ብዬ ባልፈው ለእሱ ሲሆን ለምን ታለፈ ይሉኛል፤ ካድሬውም ይጠይቃል። «ታሞ ነበር» ብልስ? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት። ይውጣ የምትሉ እጅ አውጡ አልኩ፤ መጀመሪያ የወጣውም የእኔ እጅ ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሚስቱ ሞተች። ጡሩምባ አልተነፋላትም፣ ድንኳንም አልተተከለላትም። ለቅሶው በአጥር በኩል እየተሰማኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እስከ በሬ ወጣሁ። ከዚያ ተመለስኩ። ደንብ አውጪው ደንብ ካፈረሰ ማን ይሰማኛል አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼ ነው። ሄራሞ በዚያ ጭቃ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ራሱ ቆፍሮ ቀበራት።

ከዓመታት በኋላ የእኔም ሚስት ሞተች። መቃብሩ ሲቆፈር ሄራሞ አካፋ ይዞ መጣ። ሰዉ ሥራውን አቁሞ እኔን እኔን ያያል።

«ዳኛ፣ አባል ያልሆነ ሰው አይቆፍርም የሚል ደንብ አለ እንዴ?» አለኝ። ለነገር አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

«የለም» አልኩት።

ሸሚዙን አውልቆ ቆፈረ። አፈሩን መልሶ ሲጨርስ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎኝ ሄደ። ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። እሷንም ቃል ዋጥኳት። አሁን እሱም የለም።