የቤቱ አፍንጫ

ሰውየው ቅመም ነጋዴ ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ቁንዶ በርበሬ ገና ጆንያው ሲፈታ ይለየዋል። ሰፈሩ ሁሉ «አፍንጫው» እያለ ይጠራዋል፤ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ይዞት ይንጎራደድበታል። ገበያ ውስጥ ይህ ኩራት ያስኬዳል። ችግሩ ማታ ሱቁን ሲቆልፍ አፍንጫውን እዚያው ትቶት አለመሄዱ ነው።

ቤቱ ፍሪጅ አለ። «መብራት በከንቱ ይበላል» እያለ ግን ማታ ማታ ይነቅለዋል። ጣሳ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ቀን ለእሱ አዲስ ዕቃ ለመሸጥ የተፈጠረ የፋብሪካ ተንኮል ነው። ያደረ ምግብ ይበላ እንደሆነ የሚወሰነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ሚስቱ ድስቱን ከፍታ ታቀርብለታለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ ይልና በረጅሙ ይስባል። «ንጹህ ነው» ካለ አበቃ፤ ቃሉ መሬት ጠብ አይልም። በማግስቱ ሆድ ቢቆርጥ ብርድ ነው፣ ቢያስቀምጥ የአየር ለውጥ ነው፤ ድስቱ አንድም ቀን ተከሶ አያውቅም። ይባስ ብሎ ጎረቤቶችም የተጠራጠሩትን ወተት ይዘውለት ይመጣሉ። አዋቂ የተባለ ሁሉ ተሰልፎ ወተቱን ያስሸትታል፤ አፍልቶ መጠጣት ግን ለማንም አይታየውም።

አንዲት ሴት ልጁ አርግዛ መውለጃዋ ሲቃረብ እናቷ ቤት ልትታረስ መጣች። ለሰውየው ከዚህ የበለጠ ነገር አልነበረም። የልጅ ልጁ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እሱ ቤት እንዲገባ ቋምጦ ክፍሉን ራሱ ቀባ፣ የሕፃኑን አልጋም ራሱ ገጣጠመ። እዚህ ላይ እንኳ አይታማም፤ ልጁን ይወዳል።

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ያዘውና አፍንጫው ጥርቅም አለ። ሱቅ ውስጥ ቅርንፉዱም ዝንጅብሉም አንድ ሆኑበት። እሱ ግን ለማንም ትንፍሽ ሳይል በዓይኑ እየገመተ ደንበኛ ይሸኝ ጀመር። ቤትም ሚስቱ ሽንኩርት አሳርራ ሽታው ሳሎን ሲሞላ ምንም አላለም። ሚስቱ ነገሩ ገባት። ዝም አለች።

አንድ ቀን ለእንግዳ ከተሠራው ሩዝ በዶሮ የተረፈው ምድጃው ላይ ተከድኖ አደረ፤ በማግስቱም እዚያው ዋለ። ማታ ልጅቷ ራባት። እናትየዋ እንደ ልማዷ ድስቱን አቀረበች፤ ግን አመነታች።

«ጉንፋን ይዞህ የለ? ይቅር፣ እንቁላል ልጥበስላት» አለችው ቀስ ብላ።

ልጁ እያየችው ነው። ጎንበስ ብሎ ሳበ፤ ባዶ። እዚህ ጋ ሰው የሆነ ሰው «አይሸተኝም» ይላል፤ ከአንዲት ቃል አትበልጥም። እሱ ግን ደረቱን ነፋ።

«ንጹህ ነው። ብይ ልጄ።»

ራሱ አልበላም፤ ጉንፋኑ የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶት ነበር።

ጎህ ሲቀድ ልጅቷን ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። ትውከትና ትኩሳት አድቅቋት፣ ጽንሱም ይትረፍ አይትረፍ ሳይታወቅ ሰነበተ። ሐኪሟ ለቤተሰቡ ሲያስረዱ፣ የሚያሳምመው ጀርም ብዙውን ጊዜ ሽታም ጣዕምም እንደሌለው፣ የበሰለ ምግብ ውጭ ውሎ ካደረ መጣል እንዳለበት ነገሯቸው። ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ያሳመማት ያቺ መንገድ ላይ የበላቻት ብርቱካን ናት ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ብርቱካኗ ልጣጭ እንደነበራት እንኳ ትዝ አላለውም።

ጽንሱ ተረፈ። ልጅቷ ቀና ብላ መቀመጥ ስትችል አባቷን ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ያን ማታ ይሸትህ ነበር?»

እውነቱን ቢናገር በዚያች ሰዓት ይቅር የማይለው አልነበረም። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«እንዴታ! በደንብ ነዋ።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። ዕድሜዋን ሙሉ ድስት ይዛ ፊቱ የቆመችው ሴት የአልጋውን ብረት ጨበጠች።

«አይሸተውም ነበር» አለች። «እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩሽ።»

ልጅቷ ስልኳን አንስታ ለባሏ ደወለች፤ የምትታረሰው እናቱ ቤት እንደሆነ፣ ልብሷንና የሕፃኑን አልጋ ዛሬውኑ ከአባቷ ቤት እንዲያወጣ ነገረችው። ሰውየው አሁንም ስለ ብርቱካኗ ሊከራከር ጀመረ። ሚስቱ ፊቱን ሳታይ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔም አብሬያት ነኝ» አለች።