ጋቢ የለበሰው ሮኬት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። እኔ ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ ዕድሜና ድካም ተደራርበው የጨረስኩትን ምዕራፍ ደግሜ ለማስተማር ክፍል የምገባበት ቀን አለ። ከሶዶ ወደ በዴሳ የወሰደችኝን ያቺን ሚኒባስ ግን አልረሳትም። ሰው ያለ አግባብ ይሰደባል፤ ያለ አግባብም ይመሰገናል። ለእኔ ግን ያለ አግባብ ተለቀሰልኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ትውልዴ ደብረ ሲና ነው፤ ሥራ ወደ ሶዶ አመጣኝ፣ ሶዶም አስቀረችኝ። ወላይትኛዬ ከሰላምታና ከገበያ ቃላት አላለፈም። ከወጣትነቴ ጀምሮ አንድ አመል አለብኝ፤ የጠፈር ነገር እሰበስባለሁ። መንኮራኩር የታተመበት ቴምብር፣ የጠፈርተኞች ፖስተር፣ ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን የሚያወሩ የድሮ ፊልሞች ማስታወቂያ፣ የጨረቃ ሉል፣ ሲነካ ዓይኑ የሚበራ ሮቦት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተገጣጣሚ ሮኬቶች። ውጭ አገር ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ይልክልኛል።

የሮኬቱ ቱቦ ካርቶን ነው፤ ክንፉ ስስ እንጨት፣ አፍንጫው ፕላስቲክ። ባሩድ ያለበትን ሞተሩን ግን አውሮፕላን አያሳፍረውም። ስለዚህ የእኔ ሮኬቶች አንዳቸውም በረው አያውቁም። በኮላ አጣብቄ፣ ቀለም ቀብቼ መደርደሪያ ላይ አቆማቸዋለሁ፤ እነሱም አቧራ ሲጠጡ ይኖራሉ።

"ሰው መሬት ላይ ቤት አጥቶ አንተ ጨረቃ ላይ ትዞራለህ" ትለኛለች ባለቤቴ። እውነቷን ነው። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ቤቱን ፈለጉት። ተሯሩጠን ያገኘነው ቤት አንድ ክፍል ከትንሽ ጓዳ ጋር ነው፤ አልጋና ሮኬት አብረው የሚገቡበት አይደለም። ባለቤቴ አልጮኸችም። አልጋው የሚቆምበትን ቦታ በእጇ አሳየችኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

መበተን ጀመርኩ። ሉሉን ሻንቶ ላይ ሱቅ የከፈተ የድሮ ተማሪዬ ወሰደው፤ ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጦታል አሉ። ፖስተሮቹን እርጥበት በልቷቸው ነበር። ሮቦቱን የጎረቤት ልጆች በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሱት። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ፤ ሰዎች ጨረቃ ላይ የወጡበት የትልቁ ሮኬት ሞዴል። ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያልኩ የሠራሁት ስለነበር ልጥለው አልቻልኩም። በዴሳ የሚያስተምር ማቴዎስ የሚባል ጓደኛዬ "አምጣው፤ ትምህርት ቤታችን የመስታወት ቁም ሳጥን አለ" አለኝ። በቃ፣ ይህን አድርሼ ከአመሌ ልገላገል ብዬ ተነሣሁ። ያን ቀን ከእግዚአብሔር የምለምነው ነገር ቢኖር ሳይሰበር እንዲደርስ ብቻ ነበር።

ካርቶኑን አይጥ በልቶታል። ሰማዩ ያካፋል። ስለዚህ ሮኬቱን በነጭ ጋቢዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቀለልኩት።

የምንለቀው ቤት ኦቶና ሰፈር፣ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያልሞላ ሚኒባስ ሰው ፍለጋ እስከዚያ ይመጣል። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ቆሜ አንዱን አስቆምኩ። ሰሞኑን ዕቃ ስናጓጉዝ ስለከረምን ዓይኔ በአቧራ ቀልቷል፤ ጢሜም አልተላጨም።

"ዕቃውን ጣራ ላይ ልጫነው አባቴ?" አለኝ ረዳቱ።

"አይሆንም! በእጄ ነው የምይዘው!" አልኩት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሏል። ረዳቱ ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ፣ የሆስፒታሉን በር አየ። ከዚያ ሌላ ቃል ሳይተነፍስ ክንዴን ደግፎ አሳፈረኝ። ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ወጣት ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ለመምህርነቴ መስሎኝ ተባረክ አልኩት።

ሹፌሩ መዝሙር ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። ራሴን አሞኝ ስለነበር ደስ አለኝ። አነዳዱም ሌላ ነው፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ሙሽራ የያዘ ይመስል ቀስ ይላል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሹፌርም አለ ለካ፣ አልኩ በልቤ። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ዘለለኝ። ላስታውሰው እጄን ኪሴ ስከት "ይተዉት፣ ግድ የለም" አለኝ። ይሄኔ እንኳ አልባነንኩም። የደከመው ሰው ደግነት ሲያገኝ ከየት መጣ ብሎ አይመረምርም።

አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ በዴሳ ገበያ እህል ልትገዛ የምትሄድ ነጋዴ መሆኗ ጭኗ ላይ ካጣጠፈችው ባዶ ጆንያ ያስታውቃል። ቀስ ብላ እጇን ጋቢው ላይ፣ በሮኬቱ አፍንጫ በኩል አሳረፈች። እንዳትጫነው ፈርቼ ነበር። እሷ ግን አልተጫነችውም፤ ዝም ብላ ትዳብሰዋለች።

ከከተማው ስንወጣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው በወላይትኛ መጸለይ ጀመሩ። ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ እዚህ አገር መንገድ በጸሎት ይጀመራል። ከጸሎቱ የገባኝ "ጦሲ" የሚለው የእግዚአብሔር ስም ብቻ ነው። ሲጨርሱ ሁሉም "አሜን" አለ። እኔም ከሁሉም አስበልጬ "አሜን!" አልኩ። ከኋላዬ የሆነች ሴት ሲቃ ያዛት። ጸሎቱ ልቧን ነክቶት ነው ብዬ አለፍኩ።

ሽማግሌው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

"ወንድሜ፣ ቤት ያሉት ሰምተዋል?" አሉኝ በአማርኛ።

"ምኑን?"

አጠገቤ ያለችው ሴት ዓይኗን ከጋቢው ሳታነሣ፣ "እናቱን ነው" አለችኝ። "የልጁን እናት። ሰምታለች ወይ ነው የሚሉህ።"

ወደ ጭኔ ዝቅ ብዬ አየሁ። ያኔ ገና እነሱ ባዩበት ዓይን አየሁት። በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ፣ ቁመቱ የትንሽ ልጅ የሚያህል፣ በሁለት ክንዴ የታቀፍኩት ነገር። ከሆስፒታል በር ተሳፍሬያለሁ። ጣራ ላይ አይጫንም ብዬ ጮኼያለሁ። ዓይኔ ቀልቷል። ይባስ ብዬ ለሐዘን ጸሎት አሜን ብያለሁ።

አስከሬን የሚጭን መኪና መከራየት ያቃተው ሰው የሞተ ሕፃኑን እንደተኛ ልጅ ታቅፎ በሕዝብ መኪና ወደ ቤቱ እንደሚወስድ ሰምቼ አውቃለሁ። የገባው ሰው አይጠይቅም፤ ቦታ ይለቃል፣ ድምፁን ይቀንሳል። እነዚህ ሰዎች ሲያደርጉልኝ የነበረው ይህንን ነው።

ልናገር አፌን ስከፍት ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ "አይዞህ ጌታዬ፣ በር ድረስ ነው የማደርስህ። መንገድ ባይኖርም እገባለሁ" አለ።

"ሁላችንም እንወርዳለን" አሉ ሽማግሌው። "ሰው እንዲህ ይዞ ብቻውን ቤት አይገባም።"

ወደ ገበያ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች ሁሉ አዎ፣ አዎ አሉ። የገበያ ቀን ነው፤ አርፍዶ የደረሰ ሰው ባዶ ጆንያውን ይዞ ይመለሳል። አንድም ሰው ግን የገበያ ነገር አላነሣም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ያላሰብኩት ነገር የለም። ዝም ብዬ ወርጄ ልሰወር? ሊከተሉኝ ነው። አመመኝ ልበል? ይባስ አይለቁኝም። እውነቱን ልናገር? ያፈሰሱትን እንባ ምን አድርጉት ልላቸው ነው? በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር በዴሳ ትቀርባለች።

"አቁምልኝ" አልኩት ሹፌሩን። ዳር ይዞ አቆመ።

"ልጅ አይደለም" አልኩ።

ሐዘን ያስቀባዠረኝ ነው የመሰላቸው። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው "አይዞህ፣ አይዞህ" ይሉኛል። ሌላ ቃል ቢጠፋኝ ጋቢውን ከወደ ላይ ገለጥኩት። አንዲት ሴት "ኧረ ተው!" ብላ ጮኸች። ከዚያ የሮኬቱ ነጭ አፍንጫ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ የቀባሁት ወገቡ።

መጀመሪያ የሳቀው ረዳቱ ነው። መቆጣጠር ቢያቅተው በሩን ከፍቶ ወረደ። ሽማግሌው ግን ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ።

"በሞት ይቀለዳል?" አሉኝ። "አስለቀስከን! አሜን ስትልም ሰምቼሃለሁ!"

"ለመንገዱ መስሎኝ ነው አባቴ" አልኩ። እውነት ነው፤ ግን ለራሴ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰለኝ። "ውረድ በሉት!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አልፈረድኩባቸውም። በእግሬ ልሄድ ሮኬቴን ታቅፌ ተነሣሁ።

አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ወደ ኋላ ዞራ በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገረች። አጭር ነው። ከውጭ የሚሰማው የረዳቱ ሳቅ ተቋረጠ። ከዚያ ለእኔ በአማርኛ ደገመችልኝ። አማርኛዋን እንደ እኔ ወላይትኛ ያገኘችው ከገበያ ነው፤ አንዳንዴ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች።

"እኔም ይዤ ሄጃለሁ" አለች። "በዚህ መንገድ። ልጄን። ሹፌር እንዳያወርደኝ ተኝቷል አልኩ። አንዷ ሴትዮ፣ ልጁ ዝም አለ፣ ጡት ስጪው አለኝ። ሰጠሁት።"

ጭኗ ላይ ያለውን ጆንያ እንደገና አጣጠፈችው።

"ሰው ይስቃል፣ ያወራል። እኔ አላለቀስኩም፤ ካለቀስኩ ያውቃሉ። ቤት ስደርስ ሁሉም አለቀሰ፣ የእኔ እንባ እምቢ አለ። ደረቅ ናት አሉኝ። ዛሬ መጣ።"

ጋቢው ላይ፣ እጇ በነበረበት በኩል እርጥብ ነገር አየሁ። ቅድም ካፊያው መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እንደገና አወለቁ። "እንግዲያው እንጸልይ" አሉ። ሁለተኛውን አሜን ያልኩት ለማን እንደሆነ አውቄ ነው።

መኪናው ተነሣ። ረዳቱ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አጎንብሶ ተቀመጠ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ሴትዮዋ በጣቷ የሮኬቱን ክንፍ ነካ አደረገችው።

"ምንድን ነው?"

"ሰዎች ጨረቃ የሄዱበት ሮኬት ምስል ነው።"

"ይበራል?"

"አይበርም። ሞተር የለውም።"

"ታዲያ ለምን እንደዚህ ታቅፈኸዋል?"

ስንት ዓመት ባለቤቴ ስትጠይቀኝ የኖረችው ይህንኑ ነው፤ ለእሷም መልሼላት አላውቅም።

"የሄዱት ሰዎች ተመለሱ?" አለችኝ እንደገና።

"ተመለሱ።"

"ሁሉም?"

"በዚህኛው ጨረቃ የሄዱት ሁሉም ተመልሰዋል።"

"እሰይ" አለች። ጋቢውን ከእጄ ወስዳ ሮኬቱን እንደገና ጠቀለለችው። የእሷ አጠቃለል ከእኔ እጅግ ይሻላል።

በዴሳ ስንደርስ ሁሉም ወደ ገበያው ተበተነ። እሷ ግን ሮኬቱን ታቅፋ ከእኔ ጋር መንገድ ጀመረች። "ገበያሽስ?" ብላት "ሰው እንዲህ ይዞ ብቻውን አይገባም ተብሏል" አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። ከትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ሮኬቱን በሁለት እጇ አስረከበችኝና ማቴዎስ ሳይወጣ ጆንያዋን ይዛ ሄደች። በሐፍረት ተይዤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን የምንኖረው በዚያች አንድ ክፍል ነው። አልጋው ባለቤቴ ባሳየችኝ ቦታ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰበሰብኩም። ጓደኛዬ ከውጭ አንድ ሮኬት ልላክልህ ቢለኝ ይቅር፣ ደክሞኛል አልኩት። እውነትም ደክሞኛል። ስንት ዓመት አቧራውን የጠረግኩለት ያ ሮኬት ግን አንድ ቀን ብቻ ለሰው ጠቀመ እላለሁ፤ እሱም ሮኬት መሆኑ ሳይታወቅ።

በቅርቡ ማቴዎስ ደወለልኝ።

"ስማ እንጂ፣ አንዲት ነጋዴ በገበያ ቀን እየመጣች ዘበኛችንን አስቸገረችው። ያን ሮኬት ልየው ትላለች። አላስገባም ሲላት ዞራ በመስኮት አይታው ትሄዳለች። ታውቃታለህ እንዴ?"

"አውቃታለሁ" አልኩት። "ዘመዴ ናት። አስገቧት።"