ዝሆኑ እንኳ ይጠይቅ ነበር

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ካረፉ ነገ አርባ ቀን ይሞላቸዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚህ በስደት አገር ካርልተን ሰፈር ያለው ቤታቸው እየሄድኩ የስደት ታሪካቸውን ሲነግሩኝ እጽፍላቸው ነበር። ሁልጊዜ የሚጀምሩት ሰንሻይን ፋብሪካ አብሯቸው ይሠራ የነበረ ሕንዳዊ በነገራቸው አፈ ታሪክ ነው። የሕንዶችን ረጅም የጦርነት ግጥም የደረሰው ባሕታዊ በቃሉ ሊያስጽፍ ሲል፣ የዝሆን ራስ ያለው ጸሐፊ “እንዳታቋርጥ” አለው። ባሕታዊውም “አንተም ሳይገባህ እንዳትጽፍ” ብሎ መለሰለት።

“ዝሆኑ እንኳ ይጠይቅ ነበር” ይሉኝ ነበር ጋሼ። “አንቺን የተማርሽዋን አፍሽን ማን ለጎመው?”

እስቃለሁ እንጂ አልጠይቅም።

በመጨረሻው ቅዳሜ “ታናሽ ወንድማችንን ድንበሩ ሳንደርስ ዛፍ ሥር ተውነው” አሉና ብዕሬን ተመለከቱ።

ቆይተው “ገባሽ?” አሉኝ።

“አዎ ጋሼ፣ ገባኝ።”

አልገባኝም ነበር። ፊታቸውን አይቼ መጠየቅ ፈራሁ።

ከቀብር በኋላ ያቺን መስመር ለአባቴ አነበብኩለት። አብሯቸው ያልተሰደደ፣ የዚያን ታናሽ ወንድሙን መጨረሻ ሳያውቅ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስበው የኖረ ሰው ነው።

“ሞቶ ነው፣ ወይስ በሕይወት እያለ ነው የተዉት?” አለኝ።

ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ገጹን ገለጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው።