ጎሚኒዋን ማን ይወስዳታል

ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ፣ በአንዲት የወሎ ሴት ጓሮ፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ውስጥ አንድ ሰመር ኖሬያለሁ። ትሬለር ይሉታል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የእጅ መታጠቢያ አለው፤ ሁሉም ግን ለአሻንጉሊት የተሠራ ይመስላል። ሴትዮዋን እማማ እላቸው ነበር። ትሬለሩን ባለቤታቸው ጡረታ ስወጣ አሜሪካንን ዞሬ አያለሁ ብለው እንደገዙትና አንድ ቀን እንኳ ሳይጎትቱት እንደሞቱ ነገሩኝ። እኔ ከሦስት ሴቶች ጋር እጋፋበት ከነበረው አፓርታማ ተጣልቼ የወጣሁ ነኝ። የሟች ዕቃ ነው ብዬ የምጠየፍበት ጊዜ አልነበረም።

ቤቱን የሚከታተለው ኢገን የምትባል ጎረቤት ከተማ የሚኖረው አንድ ልጃቸው ነው። ልጅነቱን ደሴ የጨረሰ፣ ዝምተኛ ወጣት ነበር። ቁልፉን ሲሰጠኝ ስለ ሌላ ነገር አላወራም።

«የውሃው ጎማ ከትሬለሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሊክ ያደርጋል» አለኝ። «እዚያ ጋ ውሃ ማየት አልፈልግም። እሁድ እሁድ መጥቼ ቼክ አደርጋለሁ።»

ወለሉ እንዳይበሰብስ ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። ሲናገር ግን ቦታውን በእጁ ጠቆመኝ እንጂ ዞር ብሎ አላየውም።

ውሃው ከቤቱ ውጪ ካለው ቧንቧ በአረንጓዴ ጎማ ሣሩን አቋርጦ ይመጣና ትሬለሩ ጎን ላይ፣ ጉልበት ከፍታ ላይ ካለች አፍ ጋር በሚጠመዘዝ ጥርስ ይገጥማል። የሚንጠባጠበው እዚያ ነው። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የአገር ቤት ቧንቧ ሠራተኞች ሲያደርጉ እንዳየሁት ጥርሱን በነጭ የቴፍሎን ፕላስተር ጠቀለልኩና በፒንሳ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅሁት። ጠዋት የፕላስቲኩ አፍ ተሰንጥቆ ጠበቀኝ። ሮበርት ጎዳና ላይ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ የተሰነጠቀውን አገላብጠው አዩና ሳቁብኝ። በጎማ ላይ ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ውስጡ የምትቀመጠው ጎሚኒ ናት፣ ያቺ ጠፍጣፋ የላስቲክ ቀለበት። እሷ በቦታዋ ካለች በእጅ ማጥበቅ ይበቃል አሉኝ። ግፊት የሚቀንስ ዕቃም ቧንቧው ላይ እንዳስር ሰጡኝ።

አዲስ አፍ ቀየርኩ፣ ጎሚኒ አስገባሁ፣ በእጄ አጠበቅሁ። ሶፍት ይዤ ከሥሩ ባብስ ጠብ የሚል የለም። ማን እንደኔ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ መሬቱ ረጥቧል። ጎማውን ስፈታው ጎሚኒዋ የለችም። አልተቀደደችም፣ አልተጣመመችም፤ በቃ የለችም። ሌላ አስገባሁ። እሷም ሄደች። ሣሩን በጣቴ እየበጠርኩ ፈለግሁ። ጎሚኒ እግር የላት እያልኩ ብቻዬን እሳደባለሁ፤ ግን ስድቡ ውስጥ ፍርሃት እየገባ መሆኑ ለራሴም ይሰማኝ ነበር።

ያቺ አፍ ያለችው ከትራሴ ጀርባ ነው። ጎሚኒዋ በጠፋች ቁጥር ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ይመጣል። የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ ቢሆን ባልገረመኝ። ይሄኛው ጉልጭ ይልና ያርፋል፣ እንደገና ጉልጭ ይላል፤ በጣም የጠማው ሰው ሲውጥ እንደሚያሰማው። ሮበርት ጎዳና ያሉት ሽማግሌ አየር ነው አሉኝ። እሳቸው አልሰሙትማ።

ከዚያ እንስሳቱ መጡ። አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ጥንቸሎች፣ ሽኮኮዎችና ሁለት ቁራዎች እርጥቡን ቦታ ከበው ተቀምጠዋል። ቁራ ከጥንቸል ጋር እንዲህ ተስማምቶ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። እሽ ብል፣ ባጨበጭብ፣ የሚነቃነቅ የለም። ከግድግዳው ሥር ግን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል፤ ለቅሶ ቤት ለሽማግሌ ቦታ እንደሚለቀቀው። ሁሉም ወደዚያ ባዶ ቦታ ያያሉ። 

ሌላ ጎሚኒ አስገብቼ፣ ማን እንደሚወስዳት ጎህ ሲቀድ ልጠብቅ ወሰንኩ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ፈካ ሲል የቤቱ ጀርባ በር ተከፈተና እማማ ወጡ፤ ከሱብሒ ሶላት እንደተነሱ፣ ነጭ እንደለበሱ። ቧንቧውን ዘጉ። መጥተው ተንበረከኩ፣ ጎማውን ፈቱ፣ ጎሚኒዋን በጣታቸው አወጡና ጡታቸው ሥር ሸጎጧት። «ቢስሚላህ» ብለው መልሰው ገጠሙት። ውሃውን ከፍተው እስኪንጠባጠብ ቆመው አዩ።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። «እማማ! ምን እያደረጉ ነው? እኔን ሊያሳብዱኝ ነው?»

አልደነገጡም። «የልጁን አባት ማጠጣቴ ነው» አሉ።

ባለቤታቸው የበረዶው ክረምት ሳይገባ ጎማውን ሊፈቱ ወጥተው እዚያው ሥር ነው የወደቁት። እማማ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከአባቱ ጋር የነበረው ልጁ ብቻ ነው። በእነሱ ዘንድ ነፍስ ልትወጣ ስትል የሰውየውን ጉሮሮ በውሃ ያርሱለታል። እማማ ሲደርሱ ሬሳው አምቡላንስ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁት ነገር «ውሃ ሰጥተኸዋል?» ነው። ልጁ «አልሰጠሁትም» አለ።

«ጠምቶት ሄደ» አሉኝ። «ይኸው ሁለት ዓመት፣ ጠምቶት እንደሄደ እያወቅሁ እኔ እጠጣለሁ። ሰደቃ ነው ልጄ። ወፉም ጥንቸሉም በስሙ ሲጠጣ ለእሱ ይደርሰዋል።»

«ታዲያ በሳህን ሞልተው አያስቀምጡላቸውም?»

«የጠማው እዚህ ነው።»

ንዴቴ ሁሉ ከላዬ ላይ ረገፈ። ሄጄ እንደ ክርን የታጠፈ የናስ መገጣጠሚያ ገዛሁ፤ ጎማውን ወደ መሬት የሚያጎነብስ። ጠብታው በግድግዳው ሳይመለስ ቀጥ ብሎ ሣሩ ላይ ይወድቃል፤ ወለሉም አይበሰብስም። ቅዳሜ ማታ ጎሚኒዋን ከእማማ ተቀብዬ አስገባለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እሳቸው ያወጧታል። ልጁ እሁድ መጥቶ መሬቱን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ደረቅ ሲሆንለት ትከሻው ሲላላ አያለሁ። ድምፁ ግን አልተወኝም። የማን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ትራሴን ወደ እግርጌ አዞርኩ።

ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ብርዱ ድንገት ጠንከር ያለ ቀን፣ ልጁ ባላሰብነው ማክሰኞ ውሃው ቧንቧው ውስጥ በረዶ ሳይሆን ሊዘጋው መጣ። እማማ ሥራ ናቸው። ጠብታውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» ብሎ ጮኸብኝ። «አንቺ ነሽ? እዚህ ጋ ውሃ አላይም አላልኩሽም?»

መጮህ ለእኔ? «እናትህ ናቸው!» አልኩት። «አንተ ለአባትህ ጠብታ ውሃ ነፍገህ፣ እሳቸው በየጎሁ እየተንበረከኩ ያጠጣሉ!»

ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ሰጥቼዋለሁ» አለ።

ያን ቀን ናይን ዋን ዋን፣ አምቡላንስ መጥሪያው ላይ ደውሎ፣ ስልኩን ያነሳችው ሴት እያናገረችው ነበር። በአፉ ምንም እንዳትሰጠው አለችው። አባትየው ግን ጎማውን ያዩ ነበር። ልጁ ደሴ አያቱ ሲሞቱ ምን እንደተደረገ ያስታውሳል። ከዚያችው ጎማ በመዳፉ ቀድቶ ከንፈራቸው ላይ አደረገ።

«ጠጣ። ሁለቴ ዋጠ። ከዚያ አሳለው፣ ከዚያ ትንፋሹ ቆመ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ፤ እኔ እንጃ። ኖ ብለውኝ ነበር፣ ሰጠሁት። እማዬ ስትጠይቀኝ የአምቡላንሱ ሰዎች አጠገቤ ቆመው ነበር። አልሰጠሁትም አልኩ። አሁን እንዴት ብዬ ልንገራት? አባትህን አንቀህ ገደልከው ብትለኝስ?»

አዘንኩለት፤ ከልቤ አዘንኩለት። ከእሱ አፍ እንደሰማሁ ለእናቱ እንዳልናገር ማይልኝ አለኝ፤ በማርያም ማልኩ። ውሃውን ከቤቱ ውስጥ ዘጋው፣ ጎማውን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ከተተና ሄደ።

እማማ ከሥራ ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቦርሳቸውን እንደያዙ ወደ ጓሮ መጡ። ጎማው የለም። ጣታቸውን ባዶዋ አፍ ውስጥ ከተው አወጡ፤ ጣታቸው ደረቅ ነው።

«ዘንድሮም ክረምቱን ሙሉ ምን ሊጠጣ ነው?» አሉ። እኔን አልነበረም የጠየቁት።

ቆሜ ማየት አልቻልኩም። «ጠጥተዋል እማማ» አልኳቸው። «ያን ቀን ጠጥተዋል። ሁለቴ ውጠዋል። አልጠማቸውም።»

ቀስ ብለው ዞሩ። «ማን ነገረሽ?»

ከልጁ እንደሰማሁ እንዳልናገር ምያለሁ። ሌላ የምጠራው ሰው አጣሁ።

«እሳቸው ራሳቸው» አልኩ።

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር፤ ወይ ያለቅሳሉ፣ ወይ ይቆጡኛል። አልጠረጠሩኝም። ግድግዳው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ትክ ብለው አዩ፤ ከዚያ እኔን፣ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩኝ ሁሉ። 

«ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ስንበረከክ» አሉ፣ «ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»